ከጢስ ስለ ተጠበቀው የጥድ አምባ ሣር ቤት

ለተከበሩ አቶ ዳኘው ይግዛው፣
የጥንታዊ ቤቶች ጠባቂ ክፍል ሹም፣
በያሉበት።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ ያ ከኪስዎ እየተሳበ የሚወጣው የቤቴ መለኪያ ሜትርዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጥጆቼ ጋር ደኅና ነኝ። ጥጆቹም በበኩላቸው እመቤታቸው አብራቸው ማደር ከጀመረች ወዲህ ትንሽ ጠበባቸው እንጂ ደኅና ናቸው፤ አፍ ቢኖራቸው ኖሮ ለእርስዎ የሚልኩት ሰላምታ ከእኔ ሰላምታ የባሰ ይሞቅ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ይህ ደብዳቤ ለምን በአደባባይ ተጻፈ ብለው እንዳይቀየሙኝ አስቀድሜ ላስረዳዎ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታው ራሱ ጥንታዊ ነውና አይነካ ተብሎ ታዝዞ ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። ስለዚህ መከፈት የማያሻው ደብዳቤ ይሻላል ብዬ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱን ለጋዜጣ፣ አንዱን ደግሞ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ለሚውለው ሕዝብ እንዲነበብ ሰጥቻለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ስለ ክፍል ሹም ግን አባቶቻችን ምንም ሳይሉ ስላለፉ ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አለኝ። ሴት ልጅ ይህን ያህል መጻፍ ከየት ተማረች የሚሉ ከሆነም፣ አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዳዊት ያስደገሙት እኔን ነው፤ ጥፋቱ የእሳቸው ነውና ነፍሳቸውን ይማር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ምናልባትም ከሥራ ብዛት የተነሣ ለዘነጉት ለእርስዎ፣ ከመጀመሪያው ላውጋ። በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በኅዳር ወር ወደ እኛ አገር፣ ወደ እስቴ፣ ጥድ አምባ ማርያም በበቅሎ መጥተው የእኔን ቤት አዩ። ቤቱ ክብ ነው፤ ሁለት ዙር ግድግዳ አለው፤ በውጪኛው ከብት፣ በውስጠኛው ሰው ያድርበታል። የግድግዳው እንጨት ወይራ ነው፣ ምስጥ እንዳይደፍረው እግሩ ከመቀበሩ በፊት በእሳት የተለበለበ። ማገሩ በሐረግና በጠፍር የታሰረ ነው። መካከሉን አንድ ትልቅ የጥድ ምሰሶ ይዞታል፤ ወራጆቹ ሁሉ ከዙሪያው ተነሥተው እዚያ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ በላያቸው አንድ ክንድ የሚሆን የሰምበሌጥ ክዳን አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደፋ ማሰሮ ጉልላት ሆኖ ተቀምጧል። እርስዎም ይህን ሁሉ ዞረው ዞረው አዩና አንገትዎን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ወራጆቹ እንዴት ባለ ጥቁር ቀለም እንደሚያብረቀርቁ አድንቀው፣ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ ጠየቁኝ። እኔም ጢስ ነው አልሁዎ። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው፣ ባላገር መቼም ምሥጢሩን አይናገርም ብለው ለተከታይዎ ነግረው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ መጣ። ቤቱ ጥንታዊ በመሆኑ ከእንግዲህ በጥበቃ ሥር ነው፤ ሰው አይኑርበት፤ ክዳኑም ግድግዳውም አይነካ፤ ጥንታዊው ጥቁር ቀለም በጢስ እንዳይበላሽ በውስጡ እሳት ፈጽሞ አይንደድ። ይህ የመጨረሻው ቃል ሰው ተሰብስቦ ሲነበብለት፣ በጥድ አምባ ቤት በተከደነ ቁጥር ደቦውን የሚመራው ጎረቤቴ አያ አለበል እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንደዚህ ያለው መሆኑ ያኔ አልገባንም ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ደባልቄ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በቤቴ በር መቃን ላይ ስለ ሰቀሉልኝ የቆርቆሮ ሰሌዳ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅድመ አያቴ ቤቱን ሲሠራ ሚስማር አልነበረውም፤ አያቴም አባቴም ሲያድሱት አንዲት ሚስማር አልመቱበትም፤ ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ የተመታበት ብቸኛ ሚስማር፣ በዚህ ቤት ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ ለመስቀል የተመታው የእርስዎ ሚስማር ነው። ሚስማሩም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ መቃኑን ከላይ እስከ ታች ስለ ሰነጠቀው በሩ ከዚያን ቀን ወዲህ ቢዘጋም አይገጥምም፤ የጎረቤት ድመት በስንጥቁ በኩል ያለ ፈቃድ እየገባች ጥንታዊነቱን ትጎበኛለች። መቼም ብዙ ጎብኚ ከሩቅ አገር ይመጣል ብለውን ነበርና፣ እስከ አሁን ከድመቷ ሌላ የመጣው በሬ የጠፋበት አንድ የስማዳ ሰው ብቻ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ አስታውቃለሁ። እሱም በሬውን አይታችኋል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አላየንም ስንለው ቤቱን ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ።

በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ታሪክ ሳነብ ደግሞ እጅግ ተደነቅሁ። ቤቱ የአንድ ታላቅ መስፍን እልፍኝ ነበር ይላል። በቤታችን መስፍን ሲኖር እኛ ሳናየው መቅረታችን አስደንግጦኝ ብዙ አሰብሁ፤ ኋላ ግን ሴት አያቴ ታወራው የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። በእሷ ወጣትነት አንድ መስፍን ወደ ስማዳ ሲያልፉ በረዶ ያዛቸውና ከነበቅሏቸው ሮጠው ወደ ቤታችን ገቡ፤ በረዶው ሲያባራ ወጡ። የቀረበላቸውን ጠላ ጎመዘዘኝ ብለው መተዋቸው እስክትሞት ድረስ ከሆዷ አልወጣም። እንግዲህ ቤቱ ለአንድ በረዶ ያህል ለተጠለሉት ሰው መታሰቢያ ሆኖ፣ ለተወለድሁበትና ለተዳርሁበት፣ ባሌን ሞላን አስታምሜ ለሸኘሁበት ለእኔ ግን ተዘጋ። ቤቱን የሠራው ቅድመ አያቴ አድማሱ ገበሬ ብቻ ስለ ነበረ በሰሌዳው ላይ ቦታ አላገኘም፤ ቆርቆሮው ትንሽ ሆኖ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

ሁለተኛ። ቤቴን ከጢስ ስለ ጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ግን እኛ ባላገሮች የምናምነውን ተራ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ትዝብት ይሆንብኛል። በእኛ አገር ሣር ቤት የሚኖረው በጢስ ነው። አንዲት ሴት ጧት ምድጃዋን ስትለኩስ ወጥ ብቻ አይደለም የምትሠራው፤ ሙቀቱ በክረምት የራሰውን ክዳን ከታች ያደርቀዋል፣ ጥቀርሻው በወራጁና በማገሩ ላይ እየተጋገረ ምስጡንም ነቀዙንም ያስመርረዋል። ያ ክቡርነትዎ አንገትዎ እስኪንቀጠቀጥ ቀና ብለው ያደነቁት ጥቁር ቀለም በአራት ትውልድ ሴቶች ዓይን እንባ የተቀባ ነው፤ እናቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴና እኔ በየጧቱ እየተጨናበስን ቀባነው። አንድም ቀን ስለ ቀለሙ የጠየቀን ሰው ስላልነበረ፣ እርስዎ ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሳቱ ከጠፋ አንድ ክረምት አለፈ። ቀለሙ እየተላጠ በመደቡ ላይ ወረደ፤ በስተ ሰሜን ያሉት ወራጆች እንጉዳይ አበቀሉ፤ ምስጡ ከአድማሱ ዘመን ጀምሮ ተከልክሎ የኖረውን ቤት አሁን ያለ ጠያቂ ወረሰው፤ በወራጆቹ ላይ ደግሞ ነጭ ሻጋታ ወጣ። ክቡርነትዎ ሁለተኛ ሲመጡ ጥንታዊ ነጭ ቀለም ነው ብለው እሱንም እንዳያስጠብቁት እሰጋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እርስዎ ግን የቆጡንም የብብቱንም አንድ ላይ በመጣልዎ ከተረቷ ሴት ይበልጣሉ።

ሦስተኛ። ከወገዳ ስላስመጡልን ዘበኛ ስለ እንየው አመሰግናለሁ። እንየው ምስጉን ሰው ነው። ጥፋቱ የሚበርደው መሆኑ ብቻ ነው። ጥድ አምባ ደጋ መሆኗን የሚያውቅ ሰው፣ እሳት በተከለከለ ቤት ደጃፍ ላይ በአንድ ስስ ካፖርት የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ይገምታል። ስለዚህ እንየው እሳት እንዳይነድ ሲጠብቅ ይውልና እጁ ሲደነዝዝ ቤቴ ከተዘጋ ወዲህ ወደማድርበት የጥጃ ጎጆ መጥቶ እሳት ይሞቃል፤ እኔ፣ ጥጆቹና መንግሥት በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቃቅፈን የምንቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ በክዳኑ ሲገባ እያየ ዝም በማለቱ ብወቅሰው፣ እመት ማንጠግቦሽ ሙች፣ የታዘዝሁት ሰው እንዳላስገባ ነው፣ ዝናብ እንዳላስገባ ማን ነገረኝ፣ ደሞስ ዝናብን በምኑ አንቄ ልመልሰው ብሎኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእሱ አይደለም፤ እሱን ላቆመው ነው።

አራተኛ። ክዳኔን እንዳይነካ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የትኛውን ክዳን እንደሚጠብቁ ባውቅ ደስ ባለኝ። ሰምበሌጥ እንደ ድንጋይ አይደለም፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ይደክማል። ያን ጊዜ ሰፈሩ በደቦ ይወጣል፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሸክም ሣር ይመጣል፤ የበሰበሰው የላይኛው ይነሣል፣ ጢስ ያበሰለው የታችኛው ይተዋል፣ አዲሱ በላዩ ይነጠፋል። እርስዎ ጥንታዊ ያሉት ክዳን በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የተከደነ ነው። ከልጄ ከካሣነሽ በዕድሜ ያንሳል። አያ አለበል እንዲያውም የትኛው ወገን በማን ሸክም እንደ ተከደነ በጣቱ እያመለከተ ይነግርዎታል፤ በስተ ሰሜን ያለው ቀድሞ ያፈሰሰው ሸክሙን ያመጣው ሰው ንፉግ ስለ ሆነ ነው ይላል፣ ስሙን ግን በአደባባይ ደብዳቤ አልጽፈውም፤ ገበያ ላይ ሲነበብ ራሱ አንገቱን ይደፋል።

ምሰሶውንም ቢሆን አባቴ አንድ ጊዜ ለውጠውታል። በበሩ በኩል ያሉትን ወይራዎች እኔና ሞላ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አንድ በአንድ እየነቀልን በአዲስ ተክተናል። ጭቃውንማ በየዓመቱ የምመርገው እኔው ነኝ። ታዲያ ቤቱ አድማሱ ከሠራው ቤት ሌላ ነው ወይ ቢሉኝ አይደለም እልዎታለሁ፤ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው እጅ ሲታደስ የኖረ ያው ቤት ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆየውም ሁልጊዜ የሚነካው ሰው ስላላጣ ነው። እርስዎ በኅዳር ሲመጡ በግቢዬ ተከምሮ አይተው፣ ይህ ገለባ ለዕይታ አይመችም፣ ይነሣ ያሉት ክምር ክዳኑን ለማደስ ጎረቤቶቼ ተሸክመው ያመጡት ሰምበሌጥ ነበር። ከብት በላው፤ የቀረውን እንየው ተኛበት። አሁን በክዳኑ ቀዳዳ ሰማይ ይታያል፤ ምሰሶውም መስፍኑ ተቀመጡበት ወደሚባለው መደብ ዘንበል ብሏል፤ እጅ እየነሣ እንደ ሆነ እንጃ።

አምስተኛ። የጥጃ ጎጆዬን ጥንታዊ ነው ስላላሉልኝ አመሰግናለሁ። አደራዎን ግን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፤ ከእኔ ጢስ የተነሣ ወራጁ መጥቆር ጀምሯልና።

ስድስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም።

ልጄ ካሣነሽ ወደ ጋይንት፣ ወደ ንፋስ መውጫ ተድራለች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ይዛለች፤ የምትወልደውም በሐምሌ ነው። በእኛ ልማድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት መሆኑን ክቡርነትዎም ከእናትዎ ሳይሰሙ አይቀሩም። እኔ ካሣነሽን የወለድሁት በዚሁ ቤት፣ ከምድጃው በስተ ግራ ነው። ከእሷ በፊት የወለድኋቸው ሁለቱ አልተረፉልኝም። እሷ በሐምሌ ቁር ተወልዳ የተረፈችው እናቴ ያን ክረምት እሳቱን አንድ ቀን ሳታጠፋ ስለ ጠበቀችው ነው፤ እኔ እንደዚህ አምናለሁ፣ ማንም ሌላ ነገር ቢነግረኝ አልሰማም። አሁን ያ ቤት ያፈሳል፣ ምሰሶው ዘሟል፣ እሳትም ክልክል ነው። በጥጃ ጎጆው ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ከተኛ ሌላው ቆሞ ማደሩ ነው።

የካሣነሽ አማቶች ደግ ሰዎች ናቸው። ከደግነታቸውም የተነሣ፣ እናቷ ቤት የላትምና እዚሁ እኛው ዘንድ ትውለድ ብለው ሰው ላኩብኝ። ክቡር ሆይ፣ ያ ቃል ልቤን ወጋኝ፤ መልእክተኛው እስኪሄድ ድረስ ቻልሁና ከጥጆቹ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አራት ትውልድ ያደረበት ቤት እያለኝ ቤት የላትም ተባልሁ። ጌታችንም በበረት ተወልዷል ብለው እንዳያጽናኑኝ እለምንዎታለሁ፤ እመቤታችን በዚያች ቀን ማደሪያ ያጣችው የገዛ ቤቷ ተጠብቆባት አልነበረም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ቤቴ ተከድኖ፣ እሳት ነዶበት፣ ልጄን በአራስነቷ በቤቴ ላስታምማት። ይህንኑ በመጋቢትም በሚያዝያም ጽፌልዎ ነበር። መልስ ስላልመጣ እርስዎ በጽኑ እያሰቡበት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደመናው ግን አላሰበበትም፣ በጉና ተራራ በኩል መክበድ ጀመረ።

ሰባተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ግንቦት ፳፭ ቀን የሆነውን ሳልነግርዎ መቀጠል ነውር ነው።

ጎሕ ሲቀድ አያ አለበል ጥድ አምባን ሁሉ አስከትሎ መጣ። እያንዳንዱ ሰው በየጓሮው ደብቆ ያከረመውን ሰምበሌጥ ተሸክሟል፤ ያ ንፉጉ ጎረቤታችን እንኳ ሁለት ሸክም ይዞ መጣ። እኔ ሕግ አክባሪ ሴት ነኝና ላስቆማቸው ያልሞከርሁት ነገር የለም። እንዲያውም ከሳምንት በፊት ጀምሮ ለማስቆም ስዘጋጅ ነበር፤ ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ፣ አንድ ሙክት አሳርጄ በሙሉ ኃይሌ ተቃወምኋቸው። ጠላውን እየቀዳሁ ለእያንዳንዳቸው የክቡርነትዎን ትእዛዝ ቃል በቃል አስታወስሁ፤ እነሱም እየጠጡ በአክብሮት አዳመጡኝ፣ ከዚያም ወጡ። አያ አለበል ከክዳኑ ላይ ሆኖ፣ አንቺ ትእዛዙን ማንበብሽን አታቁሚ፣ ሥራው በዜማ ሲሆን ይፈጥናል እያለ ይጮህ ነበር።

እንየው ግን ግዴታውን አልዘነጋም። ማንም ሰው ክዳኑ ላይ እንዳይወጣ መጠበቅ ስላለበት፣ ከታች ሆኖ ይህን ሁሉ ሰው መጠበቅ አይቻልም፣ ከላይ ሲሆን ሁሉም ይታያል ብሎ ካፖርቱን አውልቆ ወጣ። ሲመሽ ሲወርድ እጁ በሰምበሌጥ ተቆራርጦ፣ ፊቱ ከጥቀርሻ የተነሣ እንደ ወራጁ ጠቁሮ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ አንድ ዓመት ተኩል የጠበቀውን ቤት ያን ዕለት ገና አወቀው መሰለኝ።

የዘመመው ምሰሶ በደጋፊ ቀና፤ ምስጥ የበላቸው ወራጆች ወጥተው በአዲስ ጥድ ተተኩ፤ ማገሩ እንደ ጥንቱ በሐረግ ታሰረ፤ ማሰሮው ጉልላቱ ላይ ተደፋ። ከዚያ እኔ ገባሁ። በሰፈራችን አዲስ የተከደነ ቤት መጀመሪያ የሚታጠነው በእርጥብ ወይራ ነው፤ እሱንም የምትለኩሰው የቤቱ ሴት ናት። ለኮስሁት። ጢሱ በአዲሱ ሣር መካከል እየሰረገ ከዙሪያው ሲወጣ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች የማንጠግቦሽ ቤት ተቃጠለ ብለው ውኃ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። ውኃቸውን ለከብት አጠጥተው ጠላ ጠጥተው ሄዱ። ዓይኔ አነባ፤ ከጢሱ ነው አልሁ፣ ማንም አላመነኝም፣ እኔም እንዲያምኑኝ አልፈለግሁም።

ዛሬ ጧት ካሣነሽን የሚያመጣ በቅሎ ወደ ንፋስ መውጫ ልኬአለሁ። ለአማቶቿም እንደሚገባቸው አመስግኜ፣ እናቷ ቤት አላት፣ በሰኔ ትምጣ ብዬ መልእክት ሰድጃለሁ።

ስለ ጥፋቴ ሊቀጡኝ ቢያስቡ መብትዎ ነው፤ ግን ከመስከረም በኋላ ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል፣ አራስ ትቶ የሚሄድ እናት የለምና። ሥራ ካልበዛብዎ ግን ለክርስትናው ይምጡ። በእኛ ቤት እንግዳ ከምድጃው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ዓይንዎን ትንሽ ቢቆጠቁጥዎም ይታገሡ፣ ያኔ ለልጅ ልጄ ትውልድ ቀለም በመቀባቱ ሥራ ላይ ስለሚሳተፉ ስምዎን በሰሌዳው ላይ፣ ከመስፍኑ ዝቅ አድርጎ መጨመር ይቻላል። ሰሌዳውን አልነካንም። ክዳኑ ዘንድሮ ወደ ታች ረዘም ስላለ ጎንበስ ላላለ ሰው አይታይም እንጂ በቦታው አለ።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ሹመትዎን ያስፋ፣ ነገር ግን ወደ ሌላ አውራጃ ያስፋው፤ የሚጠብቁትን ሁሉ ከሚጠብቁት ይጠብቅ እያልሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ማንጠግቦሽ ቀለመ ወርቅ፣
የጥጃ ጎጆው የቀድሞ ነዋሪ።

ግንቦት ፳፮ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ በጥድ አምባ ማርያም፣ ከቤቴ፣ ከምድጃዬ አጠገብ ተጻፈ።

ማስታወሻ፦ ትናንት ያነሣነው አሮጌ ክዳን በክቡርነትዎ ጥበቃ ሥር ያለ የከበረ ንብረት ስለ ሆነ፣ እኔ ተራ ሴት ልጥለውም ሆነ ላቃጥለው አልደፈርሁም። ስለዚህ ሣሩን ከነእርጥበቱ፣ የተበሉትንም ወራጆች ጭምር፣ በጎረቤቶቼ አህዮች አስጭኜ በእንየው ጠባቂነት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ልኬልዎታለሁ፤ ከደብዳቤው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እባክዎ ዝናብ ሳይነካው ወደ ውስጥ ያስገቡት። አብሮት ስለሚመጣው ምስጥ አያስቡ፤ ክቡርነትዎ ባዘዙት መሠረት ዓመት ከመንፈቅ ጢስ ሳይነካው ስላደገ ጤናው እጅግ መልካም ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ጣሪያም ወለልም ወንበርም እንጨት መሆኑን ከእንየው ሰምቻለሁና፣ እዚያም እሳት ማንደድ ክልክል ስለ ሆነ፣ እንደ ቤቱ ይመቸዋል።